የመፀው ቀለም በሳሎን ውስጥ፦ ብርቱካናማው ግድግዳ ለምን ጭቃ መሰለ?

ጥያቄው የመጣው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። በጥቅምት ወር ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከቤታቸው አጠገብ ያሉትን ዛፎች በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ። ፎቶውን ቀለም ለሚለይ መተግበሪያ ሲሰጡት አምስት ቀለም ያወጣላቸዋል፦ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ የእርድ ቢጫ፣ ወይን ጠጅና ጥቁር ቡናማ። በዚያ መሠረት ከሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ብርቱካናማ ያስቀባሉ። «ቀን ቀን ጭቃ ይመስላል፤ ማታ መብራት ሲበራ ደግሞ ቤቱ በእሳት የተያያዘ ነው የሚመስለው» ይላሉ። የሳሎኑ መስኮት ወደ ሰሜን ይመለከታል። ወለሉ ማር የመሰለ የኦክ እንጨት፣ ሶፋው ቡናማ ቆዳ ነው፤ ጥግ ላይ እናታቸው ከአገር ቤት የላኩላቸው፣ ቀይና አረንጓዴ የበዛበት መሶብ ተቀምጧል። ምን እንደተበላሸና የመፀውን መልክ ሳይተዉ እንዴት እንደሚያስተካክሉት ይጠይቃሉ። ባለቤታቸው «ይህ ቀለም ሚያዝያ ሲደርስ ይሰለቻል» ማለታቸውንም ጨምረዋል።

እህቴ፣ ከዋናው ልጀምር። የመረጡት ብርቱካናማ ክፉ ቀለም አይደለም፤ ቀቢውም አልበደለዎትም። ችግሩ መተግበሪያው ከሰጠዎት አምስት ቀለሞች ውስጥ የመፀውን አብዛኛውን ክፍል የሚወክል አንድም አለመኖሩ ነው። ያንን ፎቶ እንደገና ይክፈቱትና ዓይንዎን ጨፈን አድርገው፣ ዝርዝሩ እስኪጠፋ ድረስ ይመልከቱት፤ ሠዓሊዎች ብርሃንና ጥላን ለመለየት ዘወትር የሚያደርጉት ነው። ምን ይቀራል? ግራጫ ግንድና ቅርንጫፍ፣ እርጥብ አስፋልት፣ ደመና ያዘለ ሰማይ፣ የደረቀ ሣር፣ ገና ያልተለወጠ የደበዘዘ አረንጓዴ። ብርቱካናማው በዚህ ሁሉ መካከል ጥቂት ቦታ ይዞ ነው ያን ያህል የደመቀው። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ደግሞ ሰፊ ቦታ የያዘውን ሳይሆን ጎልቶ የወጣውን ቀለም እንዲለቅሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የስልክ ካሜራውም ቢሆን ቀለሙን ከዓይን እይታ ይልቅ ማድመቅ ይወዳል። ግድግዳን በሙሉ በዚያ ቀለም መቀባት ወጡን ትቶ በርበሬውን በማንኪያ እንደ መብላት ነው።

ከዚያ የብርሃን ጉዳይ ይመጣል። ቅጠል ስስ ነው፤ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ብርሃኑ በውስጡ አልፎ ወደ ዓይንዎ ይደርሳል። ግድግዳ ግን የወደቀበትን ብርሃን ከፊሉን ውጦ የቀረውን መመለስ ብቻ ነው የሚችለው። በአሜሪካ የሚሸጡ የግድግዳ ቀለሞች የናሙና ካርዳቸው ላይ ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ቁጥር ይጻፍላቸዋል፤ ቀለሙ ከወደቀበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ የሚናገር ነው። ጥሩ ነጭ ከ80 በላይ ይደርሳል። እርስዎ የጠቀሱት ዓይነት ደማቅ ብርቱካናማ ከ30 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዓይን «ደማቅ» ቢለውም፣ ከሚመጣለት ብርሃን ሁለት ሦስተኛውን የሚውጥ ቀለም ነው በግድግዳዎ ላይ ያለው። ሰው ካርድ ሲመርጥ ይህን ቁጥር አለማየቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነውና።

አሁን ጭቃው ከየት እንደመጣ እንይ። ወደ ሰሜን የሚመለከት መስኮት እርስዎ ባሉበት አገር ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ቀጥተኛ ፀሐይ ፈጽሞ አያገኝም። የሚገባው ከሰማይ የሚንጸባረቅ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው። ብርቱካናማ ቀለም ደግሞ የሚመልሰው በአብዛኛው ቀዩንና ቢጫውን ወገን ነው፤ ሰማያዊውን ይውጣል። በቂ ቀይ ካልመጣለት የሚመልሰው ያጣል። ሌላም ነገር አለ፦ ቡናማ ማለት የጨለመ ብርቱካናማ ነው። በኮምፒውተር ይሞክሩት። ቀይ 255፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 0 ብለው ቢያስገቡ ብርቱካናማ ያገኛሉ። ሦስቱንም ቁጥሮች በአንድ ልክ ቀንሰው 150፣ 75፣ 0 ያድርጓቸውና በነጭ ገጽ ላይ ያስቀምጡት፤ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። በሁለቱ መካከል የተለወጠው የብርሃኑ መጠን ብቻ ነው። በሳሎንዎ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ዓይንዎ ግድግዳውን ከነጩ የበር ክፈፍና ከደማቁ መስኮት ጋር ሲያነጻጽረው «ይህ ጨለማ ነው» ብሎ ይፈርድና ብርቱካናማውን ቡናማ አድርጎ ያነበዋል።

ማታ ነገሩ ይገለበጣል። የተለመደው የቤት አምፖል 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) ነው፤ ቀይና ቢጫ የሞላበት፣ ሰማያዊ ያነሰው ብርሃን። ይህ ለብርቱካናማው ድግስ ነው። በዚያ ላይ ግድግዳው የመለሰው ብርሃን ጣሪያው ላይ፣ ወለሉ ላይና ተቃራኒው ግድግዳ ላይ እያረፈ ይመለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ሰማያዊው እየተዋጠ ብርቱካናማው እየበረታ ይሄዳል። ማር የመሰለው ወለልዎም ያግዘዋል። ነጩ ጣሪያ ራሱ ብርቱካናማ መስሎ ከታየዎት ምክንያቱ ይህ ነው። እንግዶችዎ ከዚያ ግድግዳ አጠገብ ተቀምጠው ሲያዩዋቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል አስተውለው ይሆናል፤ እኔ ለሳሎን ቀለም ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ሰው ፊት ላይ የሚያርፈውን ነው።

እንግዲህ መፀው በእርግጥ ከምን እንደተሠራ ብናውቅ መጠኑን ለመወሰን ይረዳናል። ቢጫው ቅጠሉ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ በውስጡ አለ፤ ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ሸፍኖት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዛፉ ክሎሮፊሉን መተካት ያቆማል፤ አረንጓዴው ሲለቅ ካሮቲኖይድ የተባሉት ቢጫና ብርቱካናማ ይገለጣሉ። ቀዩና ወይን ጠጁ ግን አንቶሲያኒን ይባላል፤ በአብዛኛው በዚያው ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው። ፀሐያማ ቀንና ውርጭ የሌለበት ቀዝቃዛ ሌሊት ሲገጣጠሙ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር ጋር ተያይዞ ይወጣል። እንደ ዓመቱ አየር አንዳንዴ ያምራል፣ አንዳንዴም እንደ ነገሩ ሆኖ ያልፋል። ቡናማው ሁሉም ካለፈ በኋላ የሚቀረው ታኒን ነው፤ በሻይ ቅጠል ውስጥም የሚገኝ ዓይነት። በአካባቢዎ ካሉት ዛፎች ቱሊፕ ፖፕላር ቀድሞ ቢጫ ይሆናል፣ ሜፕሉ ይቀላል፣ ኦክ ዘግይቶ የዛገ ብረት መስሎ እስከ ኅዳር ይቆያል። ከሁሉም የእኔ ምርጫ ግን ቢች የተባለው ዛፍ ነው። ግንዱ ለስላሳ ግራጫ ነው፤ በተለይ ወጣቶቹ ዛፎች ቅጠላቸውን በብርዱ ወራት ሁሉ አያረግፉትም። ቅጠሉ እየነጣ ይሄዳል፤ ጥር ላይ ሲያዩት ወረቀት የመሰለ ቡላ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ያንን የቢች ቅጠል ለግድግዳው እንውሰድ። ለዓይን ቅርብ እንዲሆንልዎ በቁጥር ላስቀምጠው፦ ቀይ 226፣ አረንጓዴ 214፣ ሰማያዊ 190 አካባቢ። የመመለሻ ቁጥሩ ከ65 እስከ 70 ያለ ቡላ ካርድ ይፈልጉ። ለሰሜን መስኮት የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ቢጫነቱ የሰማዩን ቅዝቃዜ ይመክታል፣ ብሩህነቱ ደግሞ ቡናማው ሶፋ ቡናማ መሆኑ እንዲታይ ያደርጋል። አሁን ሶፋዎ ብርቱካናማው ግድግዳ ላይ ሟሙቶ ጠፍቷል ብዬ እገምታለሁ። አራቱንም ግድግዳ በአንድ ቀለም ይቀቡ። አንዱን ግድግዳ ብቻ ለይቶ የማድመቅ ልማድ ብዙ ብርሃን ላለው ክፍል እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ግራጫውን በምንጣፉና በመጋረጃው ያስገቡት፤ 140፣ 132፣ 120 ገደማ የሆነ፣ ዳለቻ የምንለው ዓይነት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በፓሪስ የጎብላን የመንግሥት ሽመና ሥራ ቤት የቀለም ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስቱ ሚሼል ኡዤን ሼቭረል ስለ ጥቁሩ ክር አቤቱታ ይቀርብለት ነበር፤ ጥቁሩ ከሰማያዊና ከሐምራዊ ጎን ሲሸመን ኃይሉ ደከመ ተብሎ። ሲመረምረው ማቅለሚያው ምንም እንከን የለበትም፤ ክሩን የሚለውጠው ጎረቤቱ ነው። በ1839 ያሳተመው ትንታኔ እስከ ዛሬ የሙያችን መሠረት ነው፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች እርስ በርሳቸው ወደ ተቃራኒያቸው ይገፋፋሉ። የእርስዎ ወለል ወደ ብርቱካናማ ያደላ ነው፤ የብርቱካናማ ተቃራኒ ሰማያዊ ነው። ሱቅ ውስጥ ልከኛ ግራጫ ሆኖ የታየዎት ምንጣፍ ቤት ገብቶ ከወለሉ ላይ ሲነጠፍ ሰማያዊ ይመስልዎታል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ትንሽ የቆሸሸ፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ያዘነበለ የሚመስለውን ይምረጡ። ቤት ሲደርስ ልክ ይሆናል።

አረንጓዴውን አይርሱ። ሰው ስለ መፀው ሲያስብ አረንጓዴ ከሐሳቡ ይወጣል፤ ዛፎቹ ግን በአንድ ቀን አይለወጡም፣ በየመካከሉ የደከመ አረንጓዴ ይቀራል። ያለ እሱ ቀለሙ ሁሉ አንድ ወገን ይሆንና ይከብዳል። የደረቀ ወይራ ቅጠል የመሰለ፣ 107፣ 112፣ 74 አካባቢ፣ በአንድ ወንበር ወይም በሁለት ትራስ ይበቃል። ከመሶቡ አረንጓዴ ጋር አንድ እንዲሆን አይድከሙ። እንዲያውም የትራሱ ደብዘዝ ማለት መሶቡን ያደምቀዋል።

ቢጫውንና ብርቱካናማውን በተመለከተ፣ የእርዱን ቢጫ ትተው ወደ አፈር ቀለሞች ይውረዱ። ኦከር የሚባለው ቢጫ አፈር ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ዝገት ነው፤ ሲቃጠል ውሃው ይለቅና ቀይ ይሆናል። ሲየና የተባለው ቀለም ስሙን ያገኘው ከጣሊያኗ ሲየና ከተማ ሲሆን እሱም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ኡምበር ደግሞ በተፈጥሮው ማንጋኒዝ ስለሚበዛበት ይጠቁራል። ሁሉም ከብረት ስለሚወለዱ በአንድ ክፍል ውስጥ አይጣሉም። አንድ ትልቅ የኦከር ነገር፣ ለምሳሌ በሶፋው ክንድ ላይ የሚጣል ብርድ ልብስ (204፣ 119፣ 34)፣ እና ሁለት ሦስት የዛገ ብረት መልክ ያላቸው ትንንሽ ነገሮች (158፣ 78፣ 40)፣ ለምሳሌ የሸክላ ማሰሮ፣ የመብራት ቆብ። ከዚያ ይቁሙ።

ቀዩን መሶቡ ይያዝ። ሌላ ቀይ ወደ ክፍሉ አያስገቡ፤ ትራስም፣ ሻማም፣ ሥዕልም። መሶብዎ በእጅ የተሠራ ነገር ነው፤ ቀዩ በስፌቱ መሥመር መሥመር እየተቆራረጠ ባልተነከረው ሣር መካከል ስለሚሄድ አይጮህም፤ ያ ያልተነከረ ሣር ደግሞ ከአዲሱ ግድግዳዎ ጋር አንድ መልክ ነው። ከጥጉ አውጥተው ከመስኮቱ ተቃራኒ ያለው ግድግዳ አጠገብ ያስቀምጡት፤ የሰሜን ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ ስፌቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም ስለማያገኘውም ቶሎ አይደበዝዝም። ጋቢ በሶፋው ላይ የመጣል ልማድ ካለዎት አይተዉት። የጥጥ ነጭ የራሱ ሙቀት አለውና ከቡላው ጋር ይስማማል፤ ከሱቅ የሚገዛ ደረቅ ነጭ ጨርቅ ግን ሰማያዊ መስሎ ይታያል።

ወይን ጠጁ ከአምስቱ የሚወዱት ከሆነ በአንድ መጽሐፍ ጀርባ ወይም በአንድ ብርጭቆ ይግባ። የግድ አይደለም።

ቀለሙን ከመግዛትዎ በፊት መሞከርዎ አይቀርም፤ አደራ የምለው ብርቱካናማው ግድግዳ ላይ እንዳይሞክሩት ነው። ሼቭረል እንዳሳየው ብርቱካናማ የከበበው ቡላ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስሎ ይታይዎትና ጥሩውን ቀለም ይጥሉታል። ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ካርቶን ገዝተው ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ በደንብ ይድረቅ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ይጠቁራልና። ካርቶኑን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከወለሉ አጠገብ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ ከመስኮቱ ርቆ ባለው ጥግ ያቁሙት። ትንሿ የሱቅ ካርድ ትክክለኛውን ነገር አትነግርዎትም፤ ቀለም ሰፊ ቦታ ሲይዝ ይበረታል። እንዲሁም ከፎቶው ይልቅ ዕቃውን ራሱን ያምጡ። ስላይጎ ክሪክ በተባለው ጅረት ዳር በእግር ሲሄዱ አንድ የቢች ቅጠል፣ የኦክ ቅጠል፣ የወደቀ ቅርፊት ይሰብስቡና በነጭ ወረቀት ላይ ሳሎንዎ ውስጥ ይዘርጓቸው። በእርስዎ አካባቢ ቅጠሉ የሚደምቀው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ካለፈዎት ቢቹ ይጠብቅዎታል። ቀይ ቅጠል ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለሙን ይለውጣልና በዚያው ዕለት ከካርዶቹ ጋር ያስተያዩት።

አምፖሎቹን በተመለከተ፣ ግድግዳው ከተለወጠ 2700 ኬልቪኑ ችግር አይሆንም፤ ቡላውን ደስ የሚል ያደርገዋል። ቀን ቀንም መብራት የሚያበሩ ከሆነ 3000 ይሻላል። 4000ና ከዚያ በላይ ያለውን ለጋራዥ ይተዉት። ማሸጊያው ላይ ግን ሌላ ቁጥር ይፈልጉ፦ ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታውን የሚገልጽ፣ እስከ 100 የሚደርስ። ርካሾቹ 80 ናቸው፤ 90 እና ከዚያ በላይ ያለውን ይግዙ። ብዙውን ጊዜ 80ዎቹ የሚሰንፉት በጥልቁ ቀይ ላይ ነው፤ የዛገው ብረት፣ የመሶቡ ቀይና የሰው ፊት መልክ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። አንድ ብርቱ መብራት ጣሪያ ላይ ከመስቀል በተለያየ ከፍታ ሦስት ደካማ መብራቶች ማስቀመጥ ይመረጣል።

ከጓደኛ ወይም ከቪዲዮ ስድሳ፣ ሠላሳ፣ አሥር የሚል የመቶኛ ሕግ ሰምተው ይሆናል፤ ዋናው ቀለም ስድሳ፣ ሁለተኛው ሠላሳ፣ ማድመቂያው አሥር በመቶ ይሁን የሚል። ለጀማሪ ይረዳል። እኔ ግን አልቆጥርም፤ የእርስዎ ክፍል ወለሉና ሶፋው ብቻቸውን ብዙ ቡናማ ይዘው ስለመጡ ቁጥሩ ገና ሳይጀምር ተዛብቷል።

ባለቤትዎ ስለ ሚያዝያ ያነሡት ነጥብ ትክክል ነው፤ ግን ለብርቱካናማው ግድግዳ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሚያዝያ ሲደርስ የኦከሩን ብርድ ልብስ አጥፈው፣ የዛገ ብረት መልክ ያላቸውን ትንንሽ ነገሮችም ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገቡ፤ ቡላው፣ ግራጫውና አረንጓዴው ይቀራሉ። ከውጭ ዛፉ ሲለመልም ከውስጥ የሚጋጨው ነገር የለም።

አሁን ብርቱካናማውን ስለመሸፈን። ደማቅ ብርቱካናማ ከሥር ካለ ቡላው በቀጥታ አይሸፍነውም፤ በሁለት ቅብ ውስጥ እንኳን ሙቀቱ ያሳብቃል። መጀመሪያ ፕራይመር የሚባለውን ሥረ ቀለም አንድ ጊዜ፣ ከሥሩ አሁንም ብርቱካናማ ከታየ ሁለት ጊዜ ያስቀቡ፤ በላዩ ሁለት ጊዜ ቡላውን። አንድ ጋሎን ለአንድ ቅብ ከ350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ያህል ይሸፍናልና ግድግዳዎን ለክተው ይግዙ፤ መስኮትና በር ሲቀነስ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም አይውሰዱ፤ በጎን የሚመጣው የመስኮት ብርሃን የግድግዳውን ጉድፍ ሁሉ ያወጣዋል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ትንሽ ወዝ ያለውን፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወለውን ይምረጡ፤ ከሌሉ ፍጹም ደብዛዛውን።

የተረፈዎትን ብርቱካናማ አይጣሉት። የመጻሕፍት መደርደሪያ ካለዎት የውስጡን ጀርባ ይቀቡበት። እዚያ በመጻሕፍትና በዕቃ እየተቆራረጠ፣ በትንሽ በትንሹ ስለሚታይ ፎቶው ውስጥ የወደዱት መልክ ይመጣል። መደርደሪያው ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ስለማይዝ አስቀድመው በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩትና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሲደርቅ ያንኑ ፕራይመር አንድ ጊዜ ይቀቡትና ብርቱካናማውን ከላይ ይድገሙበት።